የ1967 ሙስታንግ ከሜሪላንድ ወደ ፍራንክፈርት፦ የትኛውን መኪና ልግዛ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ፍራንክፈርት ይኖራሉ፤ የአክስታቸው ልጅ ደግሞ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አለ። እሱ ሁለት የ1967 ፎርድ ሙስታንግ ሃርድቶፖች (ጣሪያቸው የማይከፈት) አግኝቶላቸዋል። ሁለቱም ባለ 289 ኪዩቢክ ኢንች ቪ8 ሞተር ናቸው፤ ሁለቱም ወደ 28,000 ዩሮ ይጠየቅባቸዋል። አንደኛው ዘመናዊ ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ፣ በኮምፒውተር የሚሠራ የነዳጅ መርጫና ባለ 18 ኢንች ቸርኬ ተገጥሞለታል፤ ቀለሙ እንደ መስታወት ያበራል። ሌላው እንደ ፋብሪካው ያለ ነው፤ ቀለሙ ደብዝዟል፣ ወንበሩ ተሰንጥቋል። «የትኛውን ልግዛ? ቀረጡስ ስንት ይመጣል? እስከ ሰሌዳው ድረስ ምን ምን ይጠብቀኛል?» ይላሉ።

ዝገት ካልበላው ሁለተኛውን ይግዙ። ይህን የምልዎት አሮጌ ነገር ስለሚያምር ብቻ አይደለም። አንድ የስድሳዎቹ የአሜሪካ መኪና ጀርመን ሲገባ ሦስት አካላት በየተራ አንድ ጥያቄ ያነሣሉ፦ «ይህ መኪና እንደ ተሠራ ነው ወይስ ተቀይሯል?» መጀመሪያ ጉምሩክ፣ ቀጥሎ የቴክኒክ መርማሪው፣ በመጨረሻ ኢንሹራንሱ። የሦስቱም መልስ የሚወሰነው የአክስትዎ ልጅ ሜሪላንድ ላይ ገንዘቡን ሲቆጥር ነው። መኪናው መርከብ ላይ ከወጣ በኋላ የሚቃና ነገር ጥቂት ነው።

ከጉምሩኩ እንጀምር፤ ትልቁ ገንዘብ እዚህ ነው ያለው። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በሚገባ ተራ መኪና ላይ የሚጥለው መደበኛ ቀረጥ 10% ነው፤ ጀርመን በዚያ ላይ 19% የተጨማሪ እሴት ታክስ ትጠይቃለች። መኪናው በታሪፍ ቁጥር 9705 ሥር፣ ማለትም ታሪካዊ ዋጋ ካላቸው የስብስብ ዕቃዎች ጋር ከተመደበ ግን ቀረጡ ዜሮ፣ ታክሱ 7% ይሆናል። ለዚህ ሦስት ነገር መሟላት አለበት፦ መኪናው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው መሆን፣ የዚያ ዓይነት ሞዴል ዛሬ የማይመረት መሆን፣ እንዲሁም በመጀመሪያ ይዞታው መገኘት። ሦስተኛው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። በሻንሲው፣ በአካሉ፣ በመሪው፣ በፍሬኑ፣ በካምቢዮው፣ በተንጠልጣዩ ክፍል ወይም በሞተሩ ላይ መሠረታዊ ለውጥ መኖር የለበትም። ጥገና ይፈቀዳል፤ ያለቀን ክፍል በዘመኑ ዓይነት ክፍል መተካትም ይፈቀዳል። ማዘመን ግን አይፈቀድም። ያ የሚያብረቀርቀው መኪና በካምቢዮውና በነዳጅ መርጫው ብቻ ከ9705 ይወጣና በ8703፣ እንደ ማንኛውም ያገለገለ መኪና ይስተናገዳል።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። መኪናው 28,000 ዩሮ፣ የአሜሪካ ውስጥ ማጓጓዣ፣ የመርከብ ጭነትና ኢንሹራንስ በድምሩ 2,500 ዩሮ፣ በጀርመኑ ወደብ ብሬመርሃፈን ላይ ማውረጃውና እስከ ፍራንክፈርት ማድረሻው 700 ዩሮ ነው እንበል። ያልተነካው መኪና ቀረጥ አይከፍልም፤ ታክሱ የ31,200 ዩሮ 7% ማለትም 2,184 ዩሮ ነው። ለተቀየረው መኪና ቀረጡ የ30,500 ዩሮ 10%፣ 3,050 ዩሮ ይሆናል። ከዚያ ታክሱ ቀረጡን ጨምሮ በ34,250 ዩሮ ላይ በ19% ሲሰላ 6,507 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ይመጣል። ድምሩ 9,557 ዩሮ ከ50። በሁለቱ መካከል ያለው 7,373 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ለደበዘዘው መኪና ቀለምና ወንበር ጥሩ መነሻ ነው። የቀረጥ መጠን የአውሮፓ ኅብረትና አሜሪካ የሚደራደሩበት ጉዳይ ስለሆነ፣ መርከቡ ከመጫኑ በፊት በጀርመን ጉምሩክ የዕለቱን መጠን ያረጋግጡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ 9705 በራሱ አይመጣም። ብዙ ትራንዚተር ከልማድ 8703 ይሞላል። ዲክላራሲዮኑ ከመግባቱ በፊት በጽሑፍ «በ9705 ይሞላልኝ» ይበሉ፤ ማስረጃውንም አብረው ይላኩ። ማስረጃው የሞተሩ፣ የካምቢዮው፣ የፍሬኑ፣ የውስጡና የአካሉ ግልጽ ፎቶዎች፣ የሻንሲ ቁጥሩ ፎቶ እና ከታች የምነግርዎ የፋብሪካ መዝገብ ናቸው። በስሕተት 19% ከተከፈለ፣ የክፍያ ውሳኔው በደረሰዎ በ1 ወር ውስጥ ተቃውሞ ማስገባት ይችላሉ። በተቃራኒው የተቀየረን መኪና «ያልተነካ ነው» ብሎ ማሳለፍም ዕዳ ነው፤ ጉምሩክ በመደበኛው እስከ 3 ዓመት ድረስ ወደ ኋላ ተመልሶ ልዩነቱን ሊያስከፍል ይችላል።

ዋጋውም እንዲሁ እውነተኛ ይሁን። በእኛ ሰው መካከል የተለመደው አሠራር፣ ዘመድ እዚያ ይከፍልና እዚህ ለሌላ ዘመድ ይሰጠዋል፤ ወረቀት የለም። ጉምሩክ ግን ደረሰኙን ከባንክ ዝውውሩ ጋር ያመሳክራል፤ ካልገጠመለት የተጻፈውን ዋጋ ጥሎ በራሱ ግምት ያስከፍላል። የአክስትዎ ልጅ ከኪሱ ከከፈለ፣ ለሻጩ የከፈለበትም እርስዎ የመለሱለትም በባንክ የሚታይ ይሁን። ዋጋ አሳንሶ ማስጻፍ የግብር ማጭበርበር ነው፤ ለአንድ መኪና ብለው እዚያ ውስጥ አይግቡ።

(የአክስትዎ ልጅ ራሱ ወደ ጀርመን ኑሮውን የሚያዛውር ቢሆን ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ከኅብረቱ ውጭ ቢያንስ 12 ወር የኖረና መኪናውን ቢያንስ 6 ወር በባለቤትነት የተጠቀመበት ሰው እንደ ቤት ዕቃው ያለ ቀረጥና ያለ ታክስ ያስገባዋል፤ ለ12 ወር መሸጥም ማከራየትም ማዋስም ግን አይችልም። ለእርስዎ ብሎ በእሱ ስም ማስገባት በዚህ ምክንያት አይሆንም።)

አሁን ወደ መኪናው እንሂድ። «ያልተነካ» የሚለው የሻጭ ቃል ነው፤ ማረጋገጫው ቁጥሩ ነው። የ1967 ሙስታንግ የሻንሲ ቁጥር 11 ምልክት አለው። የመጀመሪያው 7 ዓመተ ምርቱን ይነግራል። ሁለተኛው ፋብሪካውን፦ «ኤፍ» ዲርቦርን፣ «አር» ሳን ሆሴ፣ «ቲ» ሜታቸን ነው። ቀጥሎ 01 ሃርድቶፕ፣ 02 ፋስትባክ (ጣሪያው እስከ ኋላ ጫፍ የሚያዘቀዝቅ)፣ 03 ጣሪያው የሚከፈት። አምስተኛው ፊደል ሞተሩ ነው፦ «ሲ» ባለ ሁለት ጉሮሮ ካርቡሬተር 289፣ ባለ 200 የፈረስ ጉልበት፤ «ኤ» ባለ አራት ጉሮሮ፣ 225፤ «ኬ» ልዩው፣ 271፤ «ኤስ» ትልቁ፣ ባለ 390 ኪዩቢክ ኢንች፤ «ቲ» ደግሞ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ፣ ባለ 200 ኪዩቢክ ኢንች ነው። ቀሪው 6 አኃዝ ተራ ቁጥር ነው። በአምስተኛው ቦታ «ቲ» እያለ ኮፈኑ ሥር ቪ8 ካዩ፣ ሞተሩ በኋላ የገባ ነው፤ ከሱ ጋር ፍሬኑና የኋላ ዲፈረንሻሉ መቀየራቸውንም ይጠይቁ፤ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ቸርኬ በ4 ብሎን፣ ቪ8ቱ በ5 ብሎን ነው የሚታሰረው።

ቁጥሩን ከየት ያነባሉ? በበሩ ላይ ካለው ሳህን ሳይሆን፣ በሹፌሩ በኩል ኮፈኑ ሲከፈት ከፓራፋንጎው ውስጠኛ ላሜራ ጠርዝ ላይ ከተመታው። የበሩ ሳህን በሪቬት የተያዘ ነው፤ አዲስ ታትሞ ይሸጣል፤ በሩም ከሌላ መኪና ሊመጣ ይችላል። ሳህኑ ለሌላ ነገር ይጠቅምዎታል፦ ቀለሙን፣ የውስጡን ዓይነት፣ ዲፈረንሻሉንና ካምቢዮውን ይናገራል። ካምቢዮው ላይ 1 ተራ ባለ 3 ማርሽ፣ 5 ባለ 4 ማርሽ፣ «ደብልዩ» ሲ4 የተባለው ባለ 3 ማርሽ አውቶማቲክ ነው። የተመታው ቁጥር፣ ሳህኑና ሊብሬው ፊደል በፊደል ካልገጠሙ አይክፈሉ። ላሜራው በግጭት ወይም በዝገት ምክንያት ተቆርጦ ቁጥሩ የጠፋበት መኪና ጀርመን ውስጥ መርማሪው ፊት ቆሞ የሚቀር መኪና ነው።

ከዚያ የፋብሪካ መዝገቡ። ከ1967 ጀምሮ ላሉ ፎርዶች «ማርቲ ሪፖርት» የሚባል አለ፤ ከፎርድ የምርት መረጃ የሚወጣ ሲሆን በሻንሲ ቁጥሩ ብቻ ይታዘዛል። መኪናው መቼ እንደ ተሠራ፣ በምን ቀለም፣ በምን ሞተርና ካምቢዮ፣ በየትኛው አማራጭ ዕቃ እንደ ወጣ ይዘረዝራል። 1967ን የመረጡት በዚህ በኩል ዕድል ነው፤ ለ1965 እና ለ1966 ሙስታንግ እንዲህ ያለ መዝገብ የለም። ጉምሩክም መርማሪውም ይህን ወረቀት ሲያዩ ንግግሩ ያጥራል፤ ከመክፈልዎ በፊት ያዝዙት።

ሞተሩ የመኪናው የራሱ ነው ወይ ለሚለው፣ የ1967 ተራ 289 ላይ የሻንሲ ቁጥር አልተመታም (ከ«ኬ» በስተቀር፤ በሌሎቹ ላይ የተጀመረው በ1968 ነው)። ስለዚህ «ቁጥሩ የሚገጥም ሞተር» የሚል ሻጭ ሲገጥምዎት ምን ማለቱ እንደሆነ ይጠይቁት። የሚታየው የሞተሩ ብረት ቀልጦ ሲፈስ በላዩ የወጣው ቀን ነው፦ አኃዝ ለዓመት፣ ፊደል ለወር፣ አኃዝ ለቀን። ወሮቹ ከ«ኤ» ይጀምራሉ፤ «አይ» ትዘለላለች። «7ሲ12» ካለ 12 ማርች 1967 ነው። ይህ ቀን ማርቲ ሪፖርቱ ላይ ካለው የመኪናው መገጣጠሚያ ቀን መቅደም አለበት፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ነው የሚቀድመው። ከመኪናው በኋላ የተፈጠረ ሞተር ግን የዚያ መኪና አይደለም።

ሙስታንግን የሚገድለው ሞተሩ አይደለም። 289 ጠንካራ ነው፤ ክፍሉም በየትም ይገኛል። የሚገድለው ዝገት ነው፤ መኪናው የተለየ ሻንሲ የለውም፤ ላሜራው ራሱ ነው ሻንሲው። የአክስትዎ ልጅ ሲሄድ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ፣ የቀለም ውፍረት መለኪያ፣ ባትሪ መብራትና አንድ ጀሪካን ውኃ ይያዝ። ውኃው ለዚህ ነው፦ ከፊት መስታወቱ በታች፣ ከኮፈኑ ኋላ የአየር መግቢያ ቀዳዳዎች አሉ፤ ከሥራቸው የተዘጋ ሳጥን አለ። ቅጠልና አቧራ እዚያ ይከማቻል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ሳጥኑ ከውስጥ ይበሰብሳል። ውኃውን በቀስታ በሁለቱም በኩል ያፍስ፤ ሌላ ሰው ከክሩስኮቱ ሥር ተንበርክኮ ይመልከት። ጠብታ ከወረደ፣ ወለሉ ምንጣፍ ሥር መብላቱ አይቀርም። ሳጥኑን ለመጠገን ደግሞ ፓራፋንጎውን አውርዶ ብዙ የተበየደ ነጥብ መፍታት ያስፈልጋል፤ በዕድሳት ሥራ ውስጥ ከባዱ ይህ ነው። ቀለም ብቻ የታደሰ የሚያብረቀርቅ መኪና ይህን ሳጥን ሳይነካ ሊሸጥ ይችላል፤ አዲሱን ቀለም የማላምነው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የባትሪው ማስቀመጫ ሥር ያለውን ላሜራ፣ አሲድ ይበላዋል። የፊት ሾክ አብዞርበሮቹ የሚታቀፉባቸውን ረጃጅም ሳጥኖች፣ በተለይ የላይኛው ክንድ የሚታሰርበት አካባቢ ስንጥቅ ወይም የተደራረበ ብየዳ ካለ ይይ። ከፊት ወለል ሥር ያሉትን የሳጥን መገናኛዎች፣ የኋላ ባሌስትራዎቹ ፊት የሚታሰሩበትን፣ እና የኋላ ዕቃ መጫኛውን ማዕዘኖች። የነዳጅ ታንኩ የላይኛው ገጽ ራሱ የዕቃ መጫኛው ወለል ነው፤ ስለዚህ እዚያ የቤንዚን ሽታ ካለ ችላ አይባልም። በአካሉ ላይ መለኪያው ከ100 እስከ 200 ማይክሮን ካሳየ ጤናማ ነው፤ ከ500 በላይ ካለፈ ከሥሩ ስቱኮ አለ። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ካለ ደግሞ ስቱኮው በጣም ወፍራም ነው ወይም ላሜራው የለም ማለት ነው።

የሜሪላንድ ክረምት መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። መኪናው ዕድሜውን የት እንዳሳለፈ ይጠይቁ፤ በሳን ሆሴ መሠራቱ በካሊፎርኒያ ኖሯል ማለት አይደለም። ደረቅ አገር የኖረ መኪና ወንበሩና ጎማ ማሸጊያዎቹ በፀሐይ ይሰነጠቃሉ፤ ይህ ርካሽ ችግር ነው፤ የእርስዎ ሁለተኛ መኪና የተሰነጠቀ ወንበር ጥሩ ምልክት ሊሆንም ይችላል።

ወረቀቱ። አሜሪካኖች «ታይትል» የሚሉት የእኛ ሊብሬ ነው። ዋናው፣ ቅጂ ያልሆነው፣ በሻጩ ስም ያለ መሆን አለበት። ሻጩ ከሌላ ሰው ገዝቶ ሳያዛውር ፈርሞ የሚያስተላልፈው ታይትል ችግር ያመጣል። ታይትሉ ላይ የባንክ ዕዳ ከተመዘገበ የባንኩ መልቀቂያ ደብዳቤ ይያዝ። «ለመፈታታት ብቻ» ወይም «የሚወገድ» የሚል ማሕተም ያለበትን በፍጹም አይንኩ። አንዳንድ ግዛቶች ለአሮጌ መኪና ታይትል አይሰጡም፤ ኒው ዮርክ ለ1972 እና ከዚያ በፊት ላሉ ሞዴሎች የሚተላለፍ የምዝገባ ወረቀት ነው ያላት፤ አላባማ ከ35 ዓመት በላይ ለሆናቸው አትሰጥም፤ ጆርጂያም ለ1985 እና ከዚያ በፊት ላሉት አትጠይቅም። መኪናው ከእነዚህ ከመጣ ወረቀቱ የጎደለ አይምሰልዎ፤ ግን የባለቤትነት ሰንሰለቱ በምዝገባና በሽያጭ ውል መታየት አለበት።

ታይትሉ ጀርባ ላይ ገዢው ማን ተብሎ ይጻፍ? በቀጥታ በእርስዎ ስም። የአክስትዎ ልጅ በስሙ ካስመዘገበው የሜሪላንድን የመኪና ታክስ ይከፍላል፤ ከዚያም ወደ እርስዎ ሌላ ሽያጭ ይጠየቃል። ስሙን ሲጽፉ ጥንቃቄ ያድርጉ። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ አንዱ ወረቀት ሁለቱን፣ ሌላው ሦስቱን ይይዛል፤ የእንግሊዝኛው አጻጻፍም ይለያያል። በታይትሉ፣ በሽያጭ ውሉ፣ በባንክ ዝውውሩና በመርከብ ሰነዱ ላይ በጀርመን መታወቂያዎ ወይም በፓስፖርትዎ እንዳለው፣ ፊደል ሳይጨመር ሳይቀነስ ይጻፍ። የአንድ ፊደል ልዩነት ምዝገባ ቢሮ ላይ ቀጠሮ ያሳጣል።

ከአሜሪካ ሲወጣ የአሜሪካ ጉምሩክ ዋናውን ታይትልና ቅጂዎቹን ቢያንስ ከመጫኑ 72 ሰዓት በፊት ማየት ይፈልጋል። ከዚህ ጋር የኤክስፖርት መረጃ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይገባል፤ ያገለገለ መኪና በማንኛውም ዋጋ ይህ ግዴታው ነው። ይህንን የሚያስገባው አስጫኙ ድርጅት ነው፤ በአሜሪካ በኩል ላለው ወገን ግን የቀጣሪ መለያ ቁጥር ይጠይቃል፤ የግል የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር አይሠራም። የአክስትዎ ልጅ ከአሜሪካ የገቢዎች መሥሪያ ቤት ይህን ቁጥር በነፃ ማውጣት ይችላል፤ ለእሱም ለአስጫኙም የጽሑፍ ውክልና ይስጡ። የታተመበት ታይትል ከመኪናው ጋር ወደ ጀርመን መመለሱን ያረጋግጡ፤ ያለዋናው ታይትል ሰሌዳ አይወጣም።

መርከቡ፦ ባልቲሞር ቅርብዎ ነው፤ ከአገሪቱ ትልልቅ የመኪና ወደቦችም አንዱ ነው። ሁለት ምርጫ አለዎት። በሮ-ሮ መርከብ መኪናው ተነድቶ ይገባል፤ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ግን መነሳት፣ መዞርና መቆም መቻል አለበት፤ ቁልፉ ከማያውቁት ሹፌር ጋር ይቀራል። ክሩስኮቱ ላይ በእንግሊዝኛ አጭር ማስታወሻ ይለጠፍ፦ «ሲበርድ የቤንዚን ፔዳሉን አንዴ እስከ ታች ረግጠህ ልቀቅ፣ ከዚያ አስነሣ»፤ የካርቡሬተሩ ቾክ የሚዘጋው እንዲያ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ስታርተሩን እስኪጋል ይደበድበዋል። ለዚህ መኪና እኔ ኮንቴይነር እመርጣለሁ። ውስጡ 2.35 ሜትር ስፋት አለው፤ መኪናው 1.80 ሜትር ያህል ነው፤ በየጎኑ 27 ሳንቲሜትር ግድም ይተርፋል። ስለዚህ የሚያስገባው ሰው በመስኮት ነው የሚወጣው፤ የሹፌሩ መስኮት የሚወርድ መሆኑን አስቀድመው ይዩ። ከአራት መኪና ጋር ተደርድሮ የሚሄድ ከሆነ፣ የእርስዎ መኪና ከላይ የተሰቀለ መኪና ሥር ከገባ ዘይት እንዳይንጠባጠብበት ይሸፈን። መታገጃ እንጨቱ የዓለም አቀፉ የዕፅዋት ጥበቃ ማሕተም ያለበት ይሁን፤ ያለዚያ ኮንቴይነሩ ይያዛል። ነዳጅ ከሩብ ታንክ አይበልጥ፣ ባትሪው ይፈታ። እና እባክዎ፣ የዕቃ መጫኛው ባዶ ነው ተብሎ በርበሬ፣ ልብስና ቴሌቪዥን አይጨመርበት፤ በሰነዱ ያልተጻፈ ዕቃ ከተገኘ የሚቆመው መኪናው ነው።

ኢንሹራንስ ሳይገቡ አይጫኑ። በአሜሪካ የባሕር ጭነት ሕግ የመርከብ ድርጅቱ ኃላፊነት ለአንድ ጥቅል 500 ዶላር ነው፤ መኪናዎ ደግሞ አንድ ጥቅል ሊባል ይችላል። «ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ብቻ» የሚል ሳይሆን ጭረትና ግጭትንም የሚሸፍን ይግዙ፤ ከመጫኑ በፊት በሁሉም በኩል ቀን ያለው ፎቶ ይነሣ። ብሬመርሃፈን ላይ ሲረከቡ ያዩትን ጉዳት ደረሰኙ ላይ ሳይጽፉ አይፈርሙ።

ወደ ፍራንክፈርት በተሳቢ ያምጡት። የአጭር ጊዜ ሰሌዳ 5 ቀን የሚያገለግል ቢሆንም፣ የጀርመን ምርመራ ያላለፈ መኪና በዚያ ሰሌዳ እንደ ልብ አይነዳም፤ ለወራት የቆመ የ1967 ፍሬን ይዞ አውቶባን ላይ መውጣትም ተገቢ አይደለም።

ቲዩፍ ወይም ሌላ መርማሪ ድርጅት ጋ ሦስት ነገር በአንድ ቀጠሮ ያስጨርሱ፦ በጀርመን የተሽከርካሪ ፈቃድ ደንብ አንቀጽ 21 የግል ፈቃድ ምርመራ፣ በአንቀጽ 23 የጥንታዊ መኪና ማረጋገጫ፣ እና መደበኛው የቦሎ ምርመራ። አስቀድመው የሞዴሉን ቴክኒካዊ መረጃ ወረቀት ያዝዙ። መብራቱ ላይ 1967 መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው፦ ከ1 ጃንዋሪ 1970 በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበ መኪና የኋላ ፍሬቻው ቀይ ሆኖ መቆየት ይችላል። የ1970 ሞዴል ቢሆን ቢጫ ፍሬቻ ለመጨመር የኋላውን መብራት መቁረጥ ይመጣ ነበር። የፊት መብራቱ ግን ይቀየራል። የአሜሪካው የተደፈነ መብራት ብርሃኑን የሚጥለው በአውሮፓ መለኪያ አይደለም። በቦታው 7 ኢንች ክብ፣ ለቀኝ መንገድ የተሠራ፣ «ኢ» ምልክት ያለው፣ ባለ ኤች4 አምፖል መብራት ይገባል። ትንሽ ነጭ የማቆሚያ መብራት በውስጡ ያለውን ይምረጡ፤ የፊቱ ቢጫ የማቆሚያ መብራት ጀርመን ውስጥ ተቀባይነት የለውም፤ ይፈታና ፍሬቻነቱ ብቻ ይቀራል።

እዚህ ላይ የሚበላሽ ነገር አለ። በሙስታንግ የመብራቱ ኃይል በሙሉ በክሩስኮቱ ማብሪያ ውስጥ ያልፋል፤ ማብሪያው ውስጥ ሲግል የሚቆርጥ መከላከያ አለ። 55 እና 60 ዋት አምፖል ሲገባ አሮጌው ማብሪያ ይግላል፣ መብራቱ ሌሊት መንገድ ላይ ይጠፋና ይመለሳል። መፍትሔው ሁለት ሪሌ (በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን ኃይል የሚያገናኝ ማብሪያ) ነው፤ አንዱ ለአጭሩ፣ አንዱ ለረጅሙ። ከባትሪው በ2.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ፣ እያንዳንዱ በ15 አምፔር ፊውዝ ይሳብ፤ አሮጌው ሽቦ ሪሌውን ብቻ ያዝዛል። ከራዲያተሩ አጠገብ ተደብቆ ይገባል፤ የመኪናውንም ይዞታ አይነካም።

ማረጋገጫው ከተሰጠ «ሃ» (የላቲኑ H) ፊደል ያለበት ሰሌዳ ያገኛሉ። ዓመታዊ ታክሱ ሞተሩ ምንም ያህል ቢሆን 191 ዩሮ ከ73 ሳንቲም ነው። ያለዚህ ሰሌዳ የጭስ ማጣሪያ የሌለው ቤንዚን መኪና በየ100 ሲሲው 25 ዩሮ ከ36 ይከፍላል፤ 289 ወደ 4,736 ሲሲ ስለሆነ ወደ ላይ ተጠግቶ 48 ጊዜ ይባዛል፤ 1,217 ዩሮ ከ28 ይመጣል። ይባስ ብሎ ፍራንክፈርት የአካባቢ ጥበቃ ቀጠና ነው፤ አረንጓዴ ምልክት የሌለው መኪና አይገባም፤ «ሃ» ሰሌዳ ያለው ግን ነፃ ነው። ለዚህ ሰሌዳ በመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ውስጥ የተለመደ ለውጥ ይታለፋል፤ የፊት ዲስክ ፍሬን ለምሳሌ በ1967 የፋብሪካ አማራጭ ነበር። ባለ 18 ኢንች ቸርኬና የኮምፒውተር ነዳጅ መርጫ ግን ከዚያ ዘመን አይደሉም። ያንን የሚያብረቀርቅ መኪና የግድ ከወደዱት፣ ሻጩ የድሮውን ካምቢዮ፣ ካርቡሬተርና ቸርኬ አስቀምጦ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ካለ መልሶ የሚገጠመው አሜሪካ ውስጥ ይሁን፤ ጉምሩክ የሚፈርደው ሲገባ ባየው ይዞታ ነው።

ምዝገባ ቢሮ ዋናውን ታይትል፣ የሽያጭ ውሉን፣ የጉምሩክ ማረጋገጫውን፣ የመርማሪውን ሰነዶችና የኢንሹራንስ ቁጥሩን ይዘው ይሄዳሉ። ክረምት የማይነዱት ከሆነ ከ2017 ጀምሮ «ሃ» ሰሌዳ ከወቅታዊ ሰሌዳ ጋር መጣመር ይችላል፤ ታክሱ በወራቱ ልክ ይቀንሳል። የጥንታዊ መኪና ኢንሹራንሶች ብዙውን ጊዜ የዘወትር ሌላ መኪናና የተዘጋ ጋራዥ ይጠይቃሉ፤ የባለሙያ ግምት ያሠሩና በተስማማችሁበት ዋጋ ይመዝገብ። ዋጋው ሲወጣ ግምቱም ካልታደሰ ካሣው የድሮው ይሆናል።

አንድ ቀን ገበያ ላይ «ሙስታንግ» የሚል ጽሑፍ የሌለበት፣ በምትኩ «ቲ-5» የተጻፈበት የስድሳዎቹ ሙስታንግ ካዩ፣ ሐሰተኛ ነው ብለው አይለፉት። ጀርመን ውስጥ ስሙ የክሩፕ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ስለነበር ፎርድ መኪናውን እዚህ የሸጠው በዚያ ስም ነው። የሻንሲ ቁጥሩንና መዝገቡን ያረጋግጡለት እንጂ፣ እውነተኛ ከሆነ ለጀርመን ሰብሳቢ ከተራው የበለጠ ዋጋ አለው፤ እዚሁ ጀርመን ውስጥ ከገዙት ጉምሩክም አይነካውም።

መኪናው እንደ ደረሰ፣ ከመነዳቱ በፊት የፍሬን ጎማ ቱቦዎች በሙሉ ይቀየሩ፤ ከውጭ ጤነኛ መስለው ከውስጥ ያብጡና ፍሬኑን ይዘው አይለቁም። የፍሬን ፈሳሹ ይለወጥ። የ1967 ማስተር ሲሊንደር ባለ ሁለት ክፍል ስለሆነ ሁለቱም ይታዩ። የጎማው ጎን ላይ ያለው የመጨረሻ 4 አኃዝ ሳምንትና ዓመት ነው፤ 10 ዓመት ካለፈው ጥርሱ ቢያምርም ይጣል። የነዳጅ ቱቦዎቹ አልኮል በሚቋቋሙ ይተኩ፤ 10% አልኮል ያለበትን ቤንዚን አይቅዱ፤ የአሮጌውን ቱቦ ላስቲክ ያላሽቃል፣ ፍርፋሪው ካርቡሬተሩ ውስጥ ይገባል።